የምታጠባ እናትና የወሊድ መከላከያ እንክብል

ሕፃኑ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የአራስ ቤቱ ግርግር አልፏል፤ ገንፎው ተበልቶ፣ ዐቂቃው ታርዶ፣ ጎረቤቱም ወደየቤቱ ተመልሷል። እናቲቱን ግን አንድ ሐሳብ ይዟታል። ይህኛው ልጅ የተፀነሰው ታላቁ ገና ጡት ሳይጠግብ ነበር። አሁንስ እንዲያው ይሆን? ለባሏ መናገር አፍራ፣ ጤና ኬላው ርቋት ስታመነታ የባሏ እህት ከመደርደሪያው ላይ አንድ እሽግ እንክብል አውርዳ «እኔን ተስማምቶኛል፤ አንቺም ዋጪው» ትላታለች። እናቲቱም አመስግና ትውጣለች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ አይደለም። በከተማም በገጠርም የሚያጋጥም ነገር ነው። የባል እህት ክፉ አላሰበችም፤ እናቲቱም ጥፋት አልሠራችም። ይሁን እንጂ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት አደጋዎች ተደብቀዋል። አንደኛው፣ እንክብሉ ለምታጠባ ሴት የማይሆነው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ የሚሆነው ዓይነት ቢሆንም እንኳ ሰዓቱን ጠብቃ ካልዋጠችው በቂ ጥበቃ እንደማይሰጣት የነገራት የለም። የዛሬው ጽሑፋችን በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ያተኩራል።

ነገሩ በበየዳ ለምን ይከብዳል?

በየዳ በሰሜን ተራሮች ላይ የሚገኝ ወረዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 ሜትር የሚበልጠው የአገራችን ከፍተኛ ተራራ፣ ብዙዎች ራስ ዳሸን የሚሉት ራስ ደጀን፣ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ድል ይብዛ ነው። ከዚያ ወደ ደባርቅ ለመድረስ ተራራውን መሻገር ግድ ይላል፤ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ደግሞ ሌላ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ክረምት ሲገባ ጉሙና ጭቃው መንገዱን ያከብደዋል። በእንዲህ ያለ አገር የምትኖር እናት ሰውነቷ ሳያገግም ብታረግዝና በምጥ ጊዜ ደም ቢፈሳት፣ እንደ ከተማ እናት ፈጥና ሐኪም ዘንድ አትደርስም። ስለዚህ ልጆችን አራርቆ መውለድ ለደባርቅና ለዳባት እናት ጠቃሚ ሲሆን፣ ለበየዳ እናት ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በ1992 ዓ.ም በኢትዮጵያ ከመቶ ባለትዳር ሴቶች የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት 8 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ 36፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 41 ደርሷል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም ከመቶዎቹ 23ቱ መርፌ ሲጠቀሙ እንክብል የሚወስዱት ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሌሎች 22 ሴቶች ልጅ ማራራቅ ወይም መውለድ ማቆም እየፈለጉ ምንም መከላከያ አልያዙም ነበር። የእንክብል ተጠቃሚዎች ጥቂት በመሆናቸው ስለ አወሳሰዱ የሚያውቅና የሚመክር ጎረቤት ማግኘትም የዚያኑ ያህል ያስቸግራል።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ወደ እንክብሉ ከመግባታችን በፊት በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነሳውን ጥያቄ እንመልስ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ማጥባትን ለመሙላት ለሚፈልግ ጊዜው ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑን ገልጿል። ከዚያ በፊት ልጁን ጡት ማስጣል ቢፈለግ እንኳ ውሳኔው በባልና ሚስት ምክክርና ስምምነት እንዲሆን በዚያው አንቀጽ ተመልክቷል። በሱረቱል አሕቃፍ አንቀጽ 15 ደግሞ እርግዝናውና ጡት ማስጣያው በአንድነት ሠላሳ ወር መሆናቸው ተጠቅሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ አንባቢ ራሱ ያስተውል።

ጃቢር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ፣ ቁርኣን በሚወርድበት ዘመን ሶሓቦች ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ይነግረናል። ዐዝል ማለት ባል ዘሩን ከሚስቱ ማኅፀን ውጭ ማፍሰሱ ነው። ኢብን ሐዝምን የመሰሉ ዓሊሞች ዐዝልን ቢከለክሉም፣ ብዙዎቹ ሚስት እስከተስማማች ድረስ ፈቅደዋል። ኢማም አል ገዛሊ የሚስትን ሕይወትና ጤና መጠበቅን ከተቀባይ ምክንያቶች ቆጥረውታል። በዘመናችንም ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1988 በኩዌት ባደረገው አምስተኛ ጉባኤው፣ ሸሪዓዊ ምክንያት ሲኖር ባልና ሚስት ተመካክረውና ተስማምተው፣ ጉዳት በሌለውና በተፈቀደ ዘዴ፣ ያለ እርግዝናም ላይ ጥቃት ሳያደርሱ፣ ልጅ አራርቀው ለመውለድ እርግዝናን ለጊዜው መከላከል እንደሚችሉ ወስኗል። መውለድን ለዘለቄታው ማቋረጥን ግን አስገዳጅ ምክንያት ካልኖረ በስተቀር ከልክሏል። እንግዲህ ሲሳይ የአላህ መሆኑን እያመንን፣ የእናትን ጤናና የሕፃኑን ጡት ለመጠበቅ ልጅን ማራራቅ ለጥንቃቄ የሚደረግ ሰበብ እንጂ አላህን መጠራጠር አይደለም።

ደም ስላልመጣ አላረግዝም ማለት ያታልላል

ብዙ እናቶች የወር አበባ እስኪመለስ ድረስ እርግዝና የለም ብለው ያምናሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። የሴቷ እንቁላል የሚወጣው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ አንዲት እናት ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። ማጥባት ራሱ እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ነው፦ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ውሃም ሆነ ሌላ ምግብ ሳይጨመርለት ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የእናቲቱም የወር አበባ ሳይመለስ ሲቀር። ሦስቱ ሲሟሉ ጥበቃው ከመቶ 98 ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን እናቲቱ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ከሁሉም የሚሻለው ሦስቱ ከመጉደላቸው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

እንክብሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው

ከውጭ ሲታዩ እሽጎቹ ይመሳሰላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ግን ይለያያል። አንደኛው ዓይነት ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ያሉበት ጥምር እንክብል ነው። ሁለተኛው ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው ሲሆን፣ የሆርሞኑ መጠን አነስተኛ በመሆኑ ሚኒ ፒል ይባላል።

ጥምሩ እንክብል በውስጡ ባለው ኤስትሮጅን ምክንያት የጡት ወተትን ሊቀንስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋት አደጋ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ኤስትሮጅን ይህን አደጋ ያባብሰዋል። ስለዚህ የምታጠባ እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጥምር እንክብል ፈጽሞ መውሰድ የለባትም፤ ከዚያም በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ አይመከርም። ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው እንክብል ግን ወተት አይቀንስም፤ የሚጠባውንም ሕፃን አይጎዳም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የስም መመሳሰል አለ። ማይክሮጋይነን ጥምር እንክብል ነው፤ ማይክሮሉት ደግሞ ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው ነው። ስማቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ማንበብ የማትችል ወይም የምትቸኩል እናት ልትሳሳት ትችላለች። ስለዚህ እኅቴ ሆይ፣ እሽጉን ስትቀበዪ «እኔ አጠባለሁ፤ ይህ ለምታጠባ የሚሆነው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የሌላ ሴት እሽግ ግን፣ የእናትሽ ልጅም ብትሰጥሽ፣ አትውሰጂ።

ይህ እንክብል ፅንስ ያስወርዳልን? አያስወርድም። ሥራው በማኅፀን አንገት ላይ ያለውን ፈሳሽ አወፍሮ የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ማድረግ ነው፤ በአንዳንድ ሴቶችም እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል። የተፀነሰ እርግዝና ካለ አያቋርጠውም። መውሰዱ ሲቆምም የማርገዝ ችሎታ ሳይዘገይ ይመለሳል። በሦስት ወር አንዴ የሚወጋው መርፌ ግን ከቆመ በኋላ እርግዝናን ለተወሰኑ ወራት ሊያዘገይ ይችላል። ሁለት ዓመት አጥብታ ወዲያው ለመውለድ ለምትሻ እናት ይህ ልዩነት ጠቃሚ ነው።

መቼ ይጀመራል?

ቀደም ሲል የምታጠባ እናት ይህን እንክብል ለመጀመር ስድስት ሳምንት እንድትጠብቅ ይነገራት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም ባሻሻለው መመሪያ ግን ከወለደች በኋላ በማንኛውም ጊዜ መጀመር እንደምትችል ገልጿል። ጡት ብቻ የምታጠባ፣ ደም ያልተመለሰላትና ልጇ ከስድስት ወር በታች የሆነ እናት በፈለገችው ቀን ትጀምራለች፤ ተጨማሪ መከላከያ አያስፈልጋትም። የወር አበባዋ የተመለሰላት ደግሞ ደም ባየች በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ብትጀምር ያለ ተጨማሪ መከላከያ ይበቃታል። ከዚያ ውጭ ከሆነ አስቀድማ አለማርገዟን አረጋግጣ ትጀምራለች፤ ለመጀመሪያዎቹም ሁለት ቀናት ባልና ሚስት ኮንዶም ይጠቀማሉ ወይም ይታቀባሉ።

የመግሪብ እንክብል

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ጥምሩ እንክብል ጥቂት ሰዓት ቢዘገይም ብዙ አያሰጋም። ማይክሮሉትን የመሰለው ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው እንክብል ግን በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዋጥ አለበት፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ከዘገየ እንደተረሳ ይቆጠራል። ምክንያቱም በማኅፀን አንገት ላይ ያለውን ፈሳሽ የማወፈር ኃይሉ ቀንና ሌሊቱ ሳያልቅ መድከም ስለሚጀምር ነው።

በእጇ ሰዓት ያላሰረች፣ ማለዳ ከብት የምታስወጣ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ሕፃን የምታጠባ እናት ታዲያ ሰዓቱን እንዴት ትጠብቅ? መልሱ በቤቷ አለ። የሙስሊም ቤት ቀኑን በአምስት ሶላት የሚከፍል ቤት ነው። ከአምስቱ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ መግሪብ ይመቻል። በሰሜን ተራሮች አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው መካከል ይመላለሳል። ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ መግሪብ ሲገባ እንክብሏን የምትውጥ እናት ከሦስቱ ሰዓት ገደብ አትወጣም። በዚያም ላይ በዚያ ሰዓት ሁሉም ሰው ቤት ይሰበሰባል፤ ባልም ቢሆን ሊያስታውሳት ይችላል።

ሁለተኛው የመግሪብ ጥቅም በረመዷን ይታያል። ጧት ወይም እኩለ ቀን ላይ የመዋጥ ልማድ ያላት ሴት ረመዷን ሲገባ ሰዓቷን ለመለወጥ ትገደዳለች፤ ሰዓት ሲለወጥም መርሳት ይመጣል። በመግሪብ የምትውጥ ግን ረመዷን ሲገባም ሲወጣም ምንም የምትለውጠው ነገር የለም፤ በተምርና በውሃ ካፈጠረች በኋላ ትውጣለች። እርግጥ የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች እንድታፈጥር ሸሪዓው ፈቅዶላታል፤ ሆኖም ለመጾም የምትችል ብዙ ናት።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሐይድ መጥቶ ሶላት በምታቋርጥባቸው ቀናት እንክብሉ አይቋረጥም። ሰግዳም ሳትሰግድም አዛኑን ስትሰማ ትዋጥ። ደግሞም በማይክሮሉት እሽግ ውስጥ ያሉት 35 እንክብሎች ሁሉም መድኃኒት ናቸው፤ የዕረፍት ቀን የለውም። አንዱ እሽግ ባለቀ ማግሥት ሌላው ይጀመራል። ስለዚህ መንገዱ ሩቅ ለሆነባት እናት ጤና ኬላ በደረሰች ጊዜ ሁለት ሦስት እሽግ እንዲሰጣት መጠየቅ ብልህነት ነው። ክረምት ብቻ ሳይሆን፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድና የመድኃኒት አቅርቦት ሲስተጓጎሉ ታይተዋልና። እሽጉንም ከእሳት ሙቀትና ከእርጥበት ርቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

ቢረሳስ?

ሰው ነንና እንረሳለን። ከሦስት ሰዓት በላይ የዘገየች እናት እንዳስታወሰች አንዱን ትዋጥ፤ የሚቀጥለውንም በተለመደው ሰዓት ትዋጥ። በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ ቢሆንም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀናት ኮንዶም መጠቀም ወይም መታቀብ ያስፈልጋል። በረመዷን ለሱሑር ተነስታ ካስታወሰች እዚያው ትዋጥ። ጾመኛ ሆና ቀን ላይ ካስታወሰች መግሪብ ሲገባ ትውጥና የሁለቱን ቀን ጥንቃቄ ከዚያ ትቁጠር። በዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ እንክብል ትዋጥ። የወር አበባዋ የተመለሰላትና እንክብሉን ረስታ ከባሏ ጋር የተገናኘች ግን አምስት ቀን ሳያልፍ የጤና ባለሙያ ታማክር።

በተለመደው አወሳሰድ ከመቶ የሚያጠቡ እናቶች በዓመት የምታረግዘው አንዲት ያህል ናት። ከማያጠቡት ግን ሰባት ያህሉ ያረግዛሉ። ስለሆነም ልጁ ምግብ ለምዶ ጡት እየተወ ሲሄድ ሰዓት መጠበቁ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ወይም ወደ ሌላ ዘዴ መለወጥ ይሻላል።

ደሙና ሶላቱ

ይህን እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ባልታሰበ ቀን ጠብ ጠብ የሚል ደም ነው። ለጤና የሚያሰጋ አይደለም። ለሙስሊም ሴት ግን «እሰግዳለሁ ወይስ አልሰግድም?» የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ አንዳንዶችም በዚህ ብቻ ተቸግረው እንክብሉን ይጥላሉ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ደም ሳይቋረጥ ይፈስባት ለነበረችው ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሙ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አለመሆኑን ነግረዋታል። የሐይዷ ቀናት ሲመጡ ሶላት እንድትተው፣ ሲያልፉ ደሙን ታጥባ እንድትሰግድም አስተምረዋታል። ይህ ኢስቲሓዷ ይባላል። ኢስቲሓዷ ያለባት ሴት ትሰግዳለች፣ ትጾማለች፤ ራሷን አጽድታ ለእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት ጊዜው ሲገባ ውዱእ ታደርጋለች። በሐነፊ መዝሀብ ሐይድ ከሦስት ቀን አያንስም፣ ከአሥር ቀን አይበልጥም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከአንድ ቀንና ሌሊት አያንስም፣ ከአሥራ አምስት ቀን አይበልጥም። የወሊድ ደም ወይም ኒፋስ በሐነፊ ቢበዛ 40 ቀን፣ በሻፊዒይ 60 ቀን ነው። ስለዚህ እኅታችን ደም ያየችባቸውን ቀናት በወረቀት ወይም በግድግዳ ላይ ምልክት እያደረገች ትያዝ፤ ባጠራጠራትም ጊዜ የአካባቢዋን ዓሊም ትጠይቅ። በሃይማኖት ጉዳይ ለማወቅ መጠየቅ አያሳፍርም።

ማን አይውሰድ? መቼ ወደ ሐኪም?

የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ይህን እንክብል አትወስድም። ከባድ የጉበት በሽታ ወይም የጉበት ዕጢ ያለባትም ሐኪም ሳታማክር አትጀምር። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የእንክብሉን ኃይል ያዳክማሉ፤ እነዚህን የምትወስድ እናት ሌላ ዘዴ ትጠይቅ። ከታችኛው ሆድ በኩል ብርቱ ሕመም ከተሰማት፣ በተለይም ራሷን የሚያዞራት ከሆነ፣ ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ። ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘችም እንዲሁ ታድርግ።

ምክሩን ከማን ታገኛለች? ጎንደር በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ለገጠሩ የሚሆኑ የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸው ለማማከር አያሳፍሩም። ጤና ኬላው ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው እንክብል ባይኖረው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ በክንድ ቆዳ ሥር እንደሚቀበረው ያለ ለምታጠባ የሚስማማ ሌላ ዘዴም ያሳያሉ።

ለባል የሚቀር ቃል

ወንድሜ ሆይ፣ አላህ የልጁን ጡት የሚመለከተውን ምክክር ለሁለታችሁም ሰጥቷል፤ ለእርሷ ብቻ አልተወውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። እንግዲህ ወደ ድል ይብዛ ወይም ወደ ደባርቅ ገበያ ስትወርድ ሚስትህን ከጤና ባለሙያው ዘንድ ይዘህ ብትሄድ፣ ከመግሪብ በኋላም «ዋጥሽ?» ብለህ ብትጠይቃት ምን ይጎድልብሃል? ይህች አጭር ጥያቄ ሕፃኑ ሁለት ዓመቱን እንዲጠባና እናቱ ኃይሏን እንድትመልስ ትረዳለች።

አላህ እናቶቻችንንና ልጆቻችንን በጤና ይጠብቅልን። አሚን።